ሐዲስ ዓለማየሁን ያወቅኩት በአንዲት ልጅ ደብተር ነው

አንደኛ ዓመት ሳለን አንድ መምህር ክፍል ገብተው «ፍቅር እስከ መቃብርን ያላነበበ እጁን ያውጣ» አሉ። ማንም አላወጣም። ስድሳ ያህል ተማሪ ነበርን፤ ስድሳችንም አንብበናል ማለት ነው! ማታ ዶርም ስንገባ ግን ኑዛዜው ተጀመረ። አንዱ «እኔ በሬዲዮ የተተረከውን ነው የሰማሁት» አለ። ሌላው ለፈተና ማስታወሻ ብቻ አንብቦ እንዳለፈ ተናገረ። ሦስተኛው «አባቴ ነው የነገረኝ» አለ። ተራዬ ሲደርስ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር፣ ያውም ሁለት ጊዜ ማንበቤን ነገርኳቸው። አልዋሸሁም። የደበቅኩት ነገር ግን ነበር፤ ወደ መጽሐፉ የገባሁት በዋናው በር ሳይሆን በጓሮ ነው።

ያ የጓሮ በር ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ነው። ውድ አንባብያን፣ ታገሡኝና ስለ እሱ ደብተር ላውራችሁ። ትምህርት ክፍላችን ውስጥ «ይሄማ ሥነ ጽሑፍ አይደለም» ተብሎ ስለሚጣል አንድ የጽሑፍ ዓይነት የምለው አለኝ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርን። ትምህርት ቤታችን ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለነበር በዴስክ ሥር የሚነበበው ሁሉ ወረቀት ነው፤ የግጥም ደብተር፣ የፍቅር ደብዳቤ፣ የኳስ ተጫዋች ፎቶ የተለጠፈበት ዲያሪ። ከእነዚህ መሃል አንዷ «ሰብለ ትናገር» ትባል ነበር። ጸሐፊዋ ከእኔ ሁለት ወንበር ፊት የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ናት። ጽሑፉ እስከ መሃል በሰማያዊ እስክሪብቶ ሄዶ ከዚያ ቀይ ይሆናል፤ ሰማያዊው አልቆባት ነው። አንብቦ የጨረሰ ሰው የኋላው ሽፋን ላይ ይፈርማል። እኔ ጋ ሲደርስ አሥራ ሰባት ፊርማና አንድ የሻይ ጠብታ ነበረበት።

ታሪኩን የምትናገረው ሰብለ ወንጌል ራሷ ናት፣ «እኔ» እያለች። መነኩሴ መስላ ከአባቷ ቤት ከወጣችበት ጊዜ ይጀምራል። እግሯ ይላጣል። መንገደኛው «አባ ይባርኩኝ» እያለ ጎንበስ ሲልላት ምን እንደምትል ይጠፋታል፤ ድምፄ ያጋልጠኛል ብላ ትፈራለች፤ ጉንፋን እንደያዘው ሰው እየሳለች ታልፋለች። በመጨረሻ በዛብህ ቆስሎ ተኝቶ ታገኘዋለች። በጊዜ ነው የደረሰችው። ታስታምመዋለች፣ ይድናል፣ አዲስ አበባ ይገባሉ፣ ከእንጦጦ ሥር አንዲት ጎጆ ይከራያሉ። እሱ ልጆች ፊደል ያስቆጥራል። እሷ ሽሮ ታሳርራለች! የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ፣ ሌላው ሲሠራላት ያደገች፣ ድስት መጣድ ከየት ታውቃለች? በዛብህ ያረረውን ሽሮ «ይጣፍጣል» እያለ ይበላል። እሷም «ለምን ትዋሸኛለህ?» ብላ ታኮርፈዋለች። እኔን ልቤን የወሰደው እዚያ ቦታ ላይ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰብለና በዛብህ ለእኔ የፈተና ጥያቄ ነበሩ፤ «የታሪኩ መቼት የት ነው? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ»። አሁን ግን ሽሮ አርሮባቸው የተኳረፉ ሰዎች ሆኑ።

ከሽሮው በኋላ ምን እንደሆነ ግን አላነበብኩም። መምህራችን ደብተሩን ከእጄ ላይ ነጠቁኝ። «ማን ነው የጻፈው?» አሉ። ለምን ብዬ ልዋሽ፣ ተናገርኩ። ስሟን ጠርቼ ተናገርኩ። እሳቸውም ክፍሉ ፊት ቆመው ያቺኑ የሽሮ ገጽ ድምፃቸውን እያቀጠኑ አነበቧት፤ ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ «የትልቅ ሰው ሥራ እንዲህ አይጨማለቅም» ብለው ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። አልተመለሰም። ልጅቷም፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ ክፍል ውስጥ ሌላ ደብተር አላዞረችም።

ይሄን የምጽፈው መምህሩን ለመክሰስ አይደለም። እንዲያውም ሐዲስ ዓለማየሁን ያስተዋወቁኝ ሳያውቁት እሳቸው ናቸው። ከሽሮው በኋላ ያለውን ለማወቅ ስል የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ «ፍቅር እስከ መቃብርን» ተዋስኩ። ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ታቅፌ የማስሰው ሽሮ ነበር! ሽሮው የለም። ጭራሽ ሰብለም የለችም። መጽሐፉ የሚጀምረው ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው። እነሱ ደግሞ እነማን ናቸው? ገጽ እየዘለልኩ «ሰብለ የታለች?» እያልኩ ሄድኩ። ከዚያ የሆነ ቦታ ላይ ውድነሽ ያዘችኝ፤ ባሎቿ እየሞቱባት «ገፊ» የምትባል ሴት፣ ሰው የሚሸሻት ሴት። ተመልሼ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ አልዘለልኩም።

ስለዚህ መጽሐፍ ብዙ ተነግሮኛል። በ1958 ዓ.ም. እንደታተመ፣ ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚባለው የሬዲዮ ዝግጅት ሲተርከው አገር እንዳለቀሰ፣ «ጉዱ ካሳ» የሚለው ስም ከመጽሐፉ ወጥቶ ማኅበሩን ለሚተች ሰው ሁሉ ቅጽል እንደሆነ። ደራሲው ሳቅ እንደሚያውቁበት ግን ማንም አልነገረኝም። የፊታውራሪ መሸሻን ጉራ ሳነብ ብቻዬን ስስቅ እናቴ «ምን ሆንክ?» ብላኛለች። ደብተሩ ላይ ጉዱ ካሳ ለዛ ያለው አጎት ብቻ ነበር፤ መጽሐፉ ውስጥ ግን የዘመኑን ሥርዓት አንድ በአንድ እየነቀሰ የሚከራከር፣ እውነት ስለተናገረ እብድ የተባለ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ሰብለን ፍለጋ ገብቼ የወጣሁት ጉዱ ካሳን ወድጄ ነው።

መጨረሻው ላይ ስደርስ በዛብህ ሞተ። ደብተሩን ያላነበበ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ያለቅሳል፤ እኔ ተናደድኩ። ልጅቷ ያዳነችውን ሰው እሳቸው እንዴት ይገድላሉ? እሷ በጊዜ አድርሳታለች፤ እሳቸው ለምን አዘገዩአት? ይቺ ጥያቄ መጽሐፉን ሁለተኛ እንዳነብ አደረገችኝ። ሁለተኛው ንባብ ላይ የገባኝ፣ ሰብለ የዘገየችው መንገድ ላይ አለመሆኑን ነው። በዛብህ ገና አፉን ሳይፈታ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ሲሳሉት አንድ ዕድሜ ተወሰደ። ፊታውራሪ መሸሻ የአጥንት ቆጠራ ይዘው «ለልጄ የሚመጥን የለም» እያሉ ጠያቂ ሲመልሱ የሰብለ ዓመታት ተበሉ። ጌታው ከገበሬው ጋር በግብር ሲጣላ ሌላ ጊዜ ሄደ። ለሁለቱ ልጆች የቀረቻቸው ትርፍራፊ ጊዜ ብቻ ነበረች፤ እሷም አልበቃች። ሐዲስ በዛብህን የገደሉት ለማስለቀስ አይደለም፤ ሂሳቡን ነው ያሳዩን። ያለ ደብተሩ ይሄ ጥያቄ አይመጣልኝም ነበር። በዛብህ እንደሚሞት አገር ያውቃል፤ የሚያውቁትን ነገር ደግሞ ማንም «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም።

ከዚያ ወዲያ ደራሲውን ተከታተልኳቸው። «የወንጀለኛው ዳኛ» (1974)፣ «የልም ዣት» (1980)፣ ከዚያ «ትዝታ» (1985)። በተለይ «ትዝታ»! ጣሊያን አገራችንን ሲወር ወጣቱ ሐዲስ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው፣ ተማርከው፣ ጣሊያን አገር እንደታሰሩ ያወቅኩት ከእሱ ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1996 ዓ.ም. ሲያርፉ እኔ የት ነበርኩና! አሁን ግን የማላውቃቸውን ሰው እንደ ዘመድ ነው የማስባቸው።

ፈረንጆቹ የልጅቷን ዓይነት ጽሑፍ ፋን ፊክሽን ይሉታል። አንባቢ የወደደውን ድርሰት ገጸ ባሕርያት ተውሶ የራሱን ታሪክ ሲጽፍ ማለት ነው። ለአማርኛው «የአፍቃሪ ድርሰት» ልል ነበር፤ የዶርም ጓደኞቼ ስለሳቁብኝ ትቼዋለሁ። ስሙ ከቴሌቪዥን ተከታታዮች ጋር ነው የገነነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የ«ስታር ትሬክ» ወዳጆች «ስፖካናሊያ» የምትባል መጽሔት በራሳቸው እያባዙ ስለ ድራማው ገጸ ባሕርያት የጻፉትን ይለዋወጡባት ነበር። ነገሩ ግን ከቴሌቪዥን በፊት የነበረ ነው። የስፔኑ ሰርቫንቴስ የ«ዶን ኪኾቴን» አንደኛ ክፍል በ1605 ካወጣ በኋላ በ1614 አንድ ሰው በብዕር ስም ተደብቆ ሁለተኛውን ክፍል ጽፎ አሳተመበት። ሰርቫንቴስ ምን አደረገ? በ1615 የራሱን ሁለተኛ ክፍል ሲያወጣ ገጸ ባሕርያቱ ያንን የሐሰት መጽሐፍ አግኝተው እንዲያሙት አደረገ። ጀግናው ወደ ሳራጎሳ ሊሄድ የነበረውን መንገዱን አስቀይሮ ወደ ባርሴሎና ላከው፤ ያ ሰው ሳራጎሳ ወስዶት ነበርና ውሸታም ይሁን ብሎ ነው! መናደዱ እርግጥ ነው። ንዴቱን የተወጣው ግን በመጻፍ ነው።

የእንግሊዝኛ ክፍል ጓደኞቼ ደግሞ ጂን ሪስን ይጠቅሱልኛል። ሻርሎት ብሮንቴ በ1847 ባሳተመችው «ጄን ኤር» ውስጥ ጣሪያ ሥር ባለ ክፍል ተቆልፎባት የምትጮህ አንዲት «እብድ» ሚስት አለች። በካሪቢያን ተወልዳ ያደገችው ጂን ሪስ ያቺን ሴት ወስዳ፣ ልጅነቷንና አገሯን ሰጥታ፣ በ1966 «ዋይድ ሳርጋሶ ሲ»ን አሳተመች። ዛሬ ሁለቱ መጻሕፍት በዩኒቨርሲቲ ጎን ለጎን ይነበባሉ። ዝም የተባለችዋ ትናገር ማለት ነው። የኛዋ ልጅ ደብተር ርዕስ ምን ነበር? ጂን ሪስን እንዳላነበበች ደግሞ ምዬ መናገር እችላለሁ።

የኛስ አባቶች? «ዜና እስክንድር»ን ያየ ሰው ያውቀዋል። የመቄዶንያው ንጉሥ እስክንድር በግሪክ የኖረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ነው። የግእዙ መጽሐፍ ውስጥ ግን እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ንጽሕናን የሚሰብክ ንጉሥ ሆኖ ይመጣል። «የሰው ታሪክ አጨማለቃችሁ» ብሎ መሳቢያ ውስጥ የከተተባቸው አልነበረም። ይልቅስ እኛ ዛሬ እንደ ቅርስ እናጠናዋለን።

አሁን ወደ ክርክሩ። እዚህ ክፍል ውስጥ ለመመረቂያ ጽሑፍ ስለ እንዲህ ዓይነት የተማሪ ድርሰቶች ላጥና ብዬ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። የተሰጠኝ መልስ «ይሄ ጥናት አይሆንም፤ የሰው ገጸ ባሕርይ መስረቅ ነው፤ ዋናውን መጽሐፍም ያስረሳል» የሚል ነው። ሦስቱንም አስቤባቸዋለሁ።

ስርቆቱን በተመለከተ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲው በሕይወት ሳለና ካረፈም በኋላ ለሃምሳ ዓመት ሥራውን ይጠብቃል። የሐዲስ ሥራዎች ገና ጥበቃ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ «ሰብለ ትናገር» ታትማ ትሸጥ የሚል ሰው የቤተሰቡን ፈቃድ ይጠይቅ፤ ትክክልም ነው። ክፍል ውስጥ በአሥራ ሰባት እጅ የዞረ ደብተር ግን ከማን ኪስ ምን ወሰደ?

ዋናውን ያስረሳል የሚለው ግን እውነት አለበት። አብረውኝ ከተማሩት ሁለቱ እስከዛሬ በዛብህ የዳነ ይመስላቸዋል! አንዱን ልክ ላስገባው ብሞክር «ሞቶ ነው እንዴ?» ብሎ ደነገጠ፤ መጽሐፉን ግን እስካሁን አልገለጠውም። አሥራ ሰባት ፈርመው ወደ መጽሐፉ የሄድን ስንት ነን? የማውቀው እኔንና ሌላ አንድ ልጅ ብቻ ነው። ይሄን አልደብቅም። ግን ደግሞ በዚያው ክፍል፣ በፈተና ማስታወሻው በኩል ወደ መጽሐፉ የሄደ ማን ነው? አንድም ሰው አላውቅም። ሁለት ከዜሮ ይበልጣል።

ጥናት አይሆንም ለሚለው ደግሞ እንዲህ ልጠይቅ። አንድ ተማሪ መጽሐፍ እንደገባው በምን እናውቃለን? እኛ «ጭብጡን አብራራ» እንላለን፤ እሱም ያለፈው ዓመት ተማሪ የጻፈውን ይገለብጣል። «ወይዘሮ ጥሩአይነት ልጇ የጠፋች ዕለት ምን አለች? በራሷ አፍ አንድ ገጽ ጻፍ» ቢባልስ? መጽሐፉን ያላነበበ ሰው አንድ አንቀጽ ሳይጽፍ ይጋለጣል። እናቲቱ እንዴት እንደምታወራ፣ ለማን ራርታ ማንን እንደምትፈራ ማወቅ አለበታ! ልጅቷ የሽሮዋን ገጽ የጻፈችው የፊታውራሪ ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ስለገባት ነው። የመደብ ልዩነት የሚለውን ቃል አንድም ቦታ አልተጠቀመችም። ድስቱ ውስጥ ግን አለ። በእኔ አስተያየት ለመምህራኑም የማረሙን ሥራ ያቀልላቸዋል፤ ቢያንስ ስድሳ አንድ ዓይነት ወረቀት ከማንበብ ይድናሉ።

ባለፈው ክረምት ለእረፍት አገር ቤት ስገባ ልጅቷን ታክሲ ተራ ላይ አገኘኋት። ሌላ ከተማ አካውንቲንግ ትማራለች። «አንተ ነህ አይደል ያን ጊዜ ስሜን የጠራኸው?» አለችኝ። እየሳቀች ነው፤ እኔ ግን መግቢያ ጠፋኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። ሻይ ጠጣን። ሳላነበው የቀረሁትን የደብተሩን መጨረሻ ጠየቅኳት፤ ረስታዋለች። «ልጅ ይወልዳሉ መሰለኝ» አለች።

ከዚያ እኔ ለዓመታት ያላሰብኩትን ነገረችኝ። መጽሐፉን ያነበበችው አያቷ ቤት ነው። አሮጌ ነበር፤ ሽፋኑ የለም፣ የመጨረሻዎቹ ገጾችም የሉም። በዛብህ ቆስሎ በተኛበት ቦታ ላይ ወረቀቱ ያልቃል። መጨረሻውን የምትጠይቀው ሰው አጠገቧ አልነበረም፤ አያቷም ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ የጎደለውን ራሷ ጻፈችው። እኔም መምህሩም እንደመሰለን የሐዲስን መጨረሻ ልታርም አልተነሳችም፤ የተቀደደውን ነው የሞላችው።

«ግን እኮ ርዕሱ ራሱ መቃብር ይላል፤ እንደሚሞቱ አልጠረጠርሽም?» አልኳት።

«እኔ መቃብር ያለው ሲያረጁ መስሎኝ» አለችኝ።

ከዚህ ጽሑፍ ጋር የሽሮዋን ገጽ ብናወጣው ደስ ይለኝ ነበር፤ ደብተሩ ግን የለም። እንደገና ከልቧ እንድትጽፈው ለምኛታለሁ። ለሚቀጥለው እትማችን የሚደርስ ከሆነ አዘጋጆቹ ቦታ እንደሚሰጡኝ ነግረውኛል። እሷ ግን ለጊዜው «ፈተና ላይ ነኝ፣ አስብበታለሁ» ብላለች።